ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ፣ ከድሬዳዋ እስከ አሰበ ተፈሪ፤ ስለ ርቀትና ስለ ጉዞ ሰዓት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በመኝታ ቤት የተደረገ አንድ ክርክር ነው። ከምዕራብ ሐረርጌ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ስለ አገራችን ስንጫወት፣ አንዱ ጓደኛችን «ጅጅጋ አይሮፕላን የሚያርፍባት ሩቅ ስለሆነች ነው፤ የኛ ከተማ ግን ለድሬዳዋ ቅርብ ስለሆነች አያስፈልጋትም» አለ። ሌላው ደግሞ «ቅርበት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተዘለለች ከተማ ናት» ብሎ መለሰ። ክርክሩ በዚያ ሌሊት አላለቀም። እኔም በማግሥቱ ከቤተ መጻሕፍት ካርታ አውጥቼ በማስመሪያ ብለካው፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች ያላሰቡት ነገር ተገኘ። ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ ያለው የአየር ርቀትና ከድሬዳዋ እስከ አሰበ ተፈሪ ያለው የአየር ርቀት ከሞላ ጎደል እኩል ነው።

ታዲያ ርቀቱ እኩል ከሆነ፣ አንደኛይቱ የአየር መንገድ ሲኖራት ሁለተኛይቱ የሌላት ስለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በካርታ ብቻ ለመመለስ አይቻልም፤ ወደ ታሪክ መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው። ስለ ስሞች አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ከተማይቱ ዛሬ የምትጠራው ጭሮ በሚለው ስሟ ነው። ስለ ቀድሞው ዘመን ስጽፍ ግን በጊዜው የነበረውን ስም፣ አሰበ ተፈሪ የሚለውን፣ እጠቀማለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስሌቱን ላቅርብ። የድሬዳዋ አይሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ በ41 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ላይ ይገኛል። የጅጅጋው በ9 ዲግሪ ከ20 ደቂቃና በ42 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ላይ ነው። የጭሮ ከተማ ደግሞ በ9 ዲግሪ ከ5 ደቂቃና በ40 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በኛ አገር አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ያንሳል፤ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መሠረት ጅጅጋ ከድሬዳዋ 32 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ 116 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ትርቃለች። ጭሮም ከድሬዳዋ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ 108 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ትርቃለች። የማዕዘኑን ቀጥታ መስመር ስናወጣ የመጀመሪያው 120 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 124 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ለአይሮፕላን የግማሽ ደቂቃ መንገድ ማለት ነው።

የመኪናው መንገድ ግን እንዲህ እኩል አይደለም። ከድሬዳዋ በሐረር በኩል እስከ ጅጅጋ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ፣ በቁልቢ፣ በጨለንቆና በሂርና አድርጎ ጭሮ የሚደርሰው መንገድ ግን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በአየር 4 ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው ልዩነት በምድር ወደ 30 ኪሎ ሜትር አደገ ማለት ነው። ያውም በጭሮ በኩል ያለው መንገድ ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዘ ሲሄድ፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደው አብዛኛው ክፍል ወደ ሜዳ የሚወርድ ነው። በጓደኛዬ አስተያየት ሩቅ የተባለችው ከተማ በመኪና የምትቀርበው ናት፤ ቅርብ የተባለችውም የምትርቀው ናት። «ቅርብ ስለሆነች ነው» የሚለው ክርክር በዚህ ወደቀ።

የሰዓቱንም ነገር እንመልከት። በአሁኑ ጊዜ በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላኖች በከፍታ ላይ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ይችላሉ። በዚህ ፍጥነት 120 ኪሎ ሜትር በ12 ደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን አይሮፕላን በአጭር መንገድ ላይ ፍጥነቱን አይጠቀምበትም። ገና ሽቅብ መውጣቱን ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ከድሬዳዋ ጅጅጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል መቁጠር ይገባል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው 343 ኪሎ ሜትር ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ይወስዳል። መንገዱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሰዓቱ እጥፍ ብቻ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ከባቡር በፊት ከሸዋ ወደ ሐረር ለሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ከተራራው በታች ባለው በረሃ የሚያልፍ የግመል መንገድ ነው። ሁለተኛው አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ወደ ኢቱ ኦሮሞ አገር ወጥቶ በጨርጨር ደጋ የሚያልፍ የበቅሎ መንገድ ነው። የበረሃው ሜዳ ቢሆንም ውሃ የለውም፤ የደጋው ውሃና ጥላ ቢኖረውም ዳገት አለበት። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ የደጋው መንገድ ከሸዋ ለሚመጣ ሰው ይበልጥ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦና የአገሩ ልጅ ዡል ቦሬሊ ከእንጦጦ ተነሥተው በዚሁ በጨርጨር መንገድ ሐረር ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶባቸዋል። በቀጥታ መስመር ሲለካ ከአዲስ አበባ ሐረር 367 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ ከድሬዳዋ እስከ አሰበ ተፈሪ ያለው 124 ኪሎ ሜትር የ7 ቀን መንገድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች በዚያን ጊዜ ገና ያልተቆረቆሩ ቢሆኑም።

ይህ የቀን ቁጥር የስንቅ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሳሉ ታመው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ሐዲዱ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። የዘመኑ ታላቅ መስፍን የነበሩት ሰው እንኳ በበቅሎ ጉዞ ከዋና ከተማው የሳምንታት መንገድ ይርቁ ነበር። ዛሬ ቁልቢ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ለሻይ የሚቆምባት ቦታ ናት።

የምድር ባቡሩ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ስለተጻፈ እዚህ የማነሣው ለጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸገረ፤ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሆኖ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. የሐዲዱ ጫፍ በደረሰበት ሜዳ ላይ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች፣ በኋላም ድሬዳዋ የሆነች ከተማ ተወለደች። ከብዙ መጓተት በኋላ ሥራው ቀጥሎ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሲሄድም ያንኑ ዘዴ ተከተለ። ወደ ጨርጨር ደጋ ሳይወጣ በኤረር፣ በአፍደም፣ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ቆላ ቆላውን አለፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰበ ተፈሪ 1,800 ሜትር ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ቀጥታ ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ሜትር መውጣት በእንፋሎት ለሚሄድ ባቡር የሚቻል ቢሆንም፣ ከወጡ በኋላ ያሉትን ሌሎች ተራሮች መውረድና መውጣት አለ። መሐንዲሶቹ ይህን ሸሹ። ይህን ያደረጉት በከተማይቱ ላይ ቂም ኖሯቸው አይደለም፤ ከተማይቱ ያን ጊዜ አልነበረችምና። ስለዚህ «ሆን ተብሎ የተዘለለች» የሚለውም ክርክር፣ ቢያንስ ለባቡሩ፣ አያስኬድም።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አምናለሁ። አሰበ ተፈሪ ወደ ሐዲዱ የቀረበች ከተማ ናት እንጂ ሐዲዱ የሸሻት ከተማ አይደለችም። የጨርጨር ገዥዎች መቀመጫ ቀድሞ ኩኒ ነበረች። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መቀመጫውን ከኩኒ ወደ አሰበ ተፈሪ አዛወሩት። ስሙም በጊዜው አልጋ ወራሽ ለነበሩት ለተፈሪ መኰንን መታሰቢያ ነበር። ካርታውን ያየ ሰው እንደሚረዳው ኩኒ ወደ ደቡብ ገባ ያለች ስትሆን፣ አሰበ ተፈሪ ለሚኤሶ ጣቢያ ትቀርባለች። በሩሲያ አገር የተማሩት፣ ፋቡላ የተባለውን ቲያትር የጻፉት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒህ ሰው፣ ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የምትሆን ግዛት ለማድረግ ማሰባቸው ይታወቃል። የቡናውን አገር ከባቡሩ ጋር ሳያገናኙ ደግሞ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ወደ ጨርጨር ከመምጣታቸው በፊት የጅጅጋ ገዥ ነበሩ፤ ጅጅጋንም እንደ ከተማ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ክርክራችን የተነሣባቸው ሁለት ከተሞች፣ ከድሬዳዋ በስተ ምሥራቅና በስተ ምዕራብ በእኩል ርቀት ላይ ያሉት፣ የአንድ ሰው እጅ የነካቸው ናቸው። አንደኛይቱን የቆረቆሩት በጠረፍ ሜዳ ላይ ነው፤ ሁለተኛይቱን በተራራ ትከሻ ላይ፣ ከሐዲዱ በላይ። ከዚህ በኋላ የሁለቱን ዕድል የለየው ይኸው የቦታ ልዩነት ይመስለኛል።

በባቡሩ ዘመን የነበረውን የጉዞ ሰዓት እንመልከት። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ ተሳፋሪ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። 784 ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን ማለት ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለው የሐዲድ ርቀት 473 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሁለት ቀን ይወስድ ነበር። የአሰበ ተፈሪ ሰው ወደ ሚኤሶ ወርዶ ቢሳፈር አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በማግሥቱ አዲስ አበባ ይገባል። አባቶቹ ሁለት ሳምንት የሚጓዙትን መንገድ እሱ በሁለት ቀን ጨረሰው። በእኔ ግምት በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ትልቁ የሰዓት ለውጥ ይህ ነው። አይሮፕላን ከዚያ በኋላ ያመጣው ለውጥ ሁለት ቀንን ወደ አንድ ሰዓት ማውረድ ነው፤ ይህም ቢሆን ገንዘብ ላለው ሰው ነው። ባቡሩ ግን በሦስተኛ ማዕረግ ገበሬውንም ነጋዴውንም ጭኗል።

የሰዓቱ መለወጥ በፖለቲካም ታይቷል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ በሐረር በኩል ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ተገጥሞ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ሐዲዱ ሚኤሶን አልፎ ወደ ሸዋ ገብቶ ነበር። ቆላውን የያዘ ሰው መንገዱን እንደያዘ፣ ደጋው ብቻውን እንደማይበቃ ሚኤሶ ያን ጊዜ አሳየች።

ስለ አይሮፕላን መምጣት ብዙ አልልም። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው፣ አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ አብራሪነት ከጅቡቲ ተነሥቶ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ሦስት ቀን የሚፈጅበት መንገድ ለሱ የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዋና ከተማው ውጭ የበረራ ትምህርት የተጀመረባት አንዷ ቦታ ጅጅጋ ነበረች። ለምን ጅጅጋ? ሰፊ ሜዳ አላት። ከዚህም በላይ የጠረፍ ከተማ ናት፤ ከኋላዋ ኦጋዴን አለ፤ ከፊት ለፊቷ በዚያን ዘመን እንግሊዝና ኢጣልያ የያዙት የሶማሌ ምድር ነበር። ጨርጨር ግን የመሐል አገር ነው። አይሮፕላን በመጀመሪያ ዘመኑ የሄደው ቡና ወደ በቀለበት ሳይሆን ጦር ወደሚፈራበት ነው።

ጦሩም መጣ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ድሬዳዋ በግንቦት መጀመሪያ ተያዘች። በጨርጨር ምድር ለብዙ ሰው አይሮፕላን ማለት መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ዐይነት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በወረራው ዘመን የአሰበ ተፈሪ ስም «አስባ ሊቶሪያ» ተብሎ ነበር፤ በደጋው ያለው የመኪና መንገድም ተሻሻለ። ይኸው መንገድ ለሠሪዎቹ አልሆነላቸውም። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በመጋቢት 20 ቀን፣ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡ። የእንግሊዝ ጦር በጨርጨር በኩል አልፎ፣ ድልድዩ የፈረሰውን አዋሽን ተሻግሮ፣ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ደረሰ። ከድሬዳዋ መያዝ እስከ አዲስ አበባ መግባት 8 ቀን ብቻ ነው፤ እየተዋጉም ጭምር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉት ዳኮታ በሚባሉት አይሮፕላኖች ነበር። እነዚህ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባቸው ነው። ይህ መሥመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ አያስደንቅም። ድሬዳዋ የንግድና የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጅቡቲና ኤደን ከበስተጀርባዋ ናቸው።

አሁን ስለ ጫት መናገር አስፈላጊ ይሆናል። አንዳንድ መምህራን ይህ ለጥናት የሚበቃ ነገር አይደለም ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን የሰዓትን ዋጋ ከጫት የበለጠ የሚያስተምር ሸቀጥ በሐረርጌ አላገኘሁም። ቡና ለወራት ጎተራ ይቀመጣል። ጫት ግን ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ኃይሉም ይጠፋል። ስለዚህ የጫት ገበያ ስፋት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። በበቅሎ ዘመን ገበያው ከሐረር ዙሪያ ብዙ አይርቅም ነበር። ባቡሩ ጅቡቲን ጨመረ። አይሮፕላን ደግሞ በ1940ዎቹ ኤደንን ጨመረ። በኤደን የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ጫት እንዳይገባ ከልክሎ በማግሥቱ ዓመት ክልከላውን ማንሣቱ፣ ንግዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ከሐረር አጠገብ ያለ ገበሬ ጧት የቆረጠው ቅጠል በዚያው ቀን ባሕር ተሻገረ። የገለምሶና የበዴሳ ገበሬ ግን ቅጠሉ ድሬዳዋ ሳይደርስ የቀኑ ግማሽ ያልቅበታል። የቅጠሉ ጥራት አንድ ቢሆን እንኳ ሰዓቱ አንድ አይደለም። በዚህ የተነሣ በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ገበሬዎች መካከል የተፈጠረው የገቢ ልዩነት ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጅጅጋ የአየር መሥመር ያገኘችው በጠረፍነቷ፣ በሜዳዋና በኋላዋ ባለው ሰፊ አገር ምክንያት ነው። በ1970 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ በሶማሊያ ጦር ተይዛ በየካቲት መጨረሻ ነፃ እስክትወጣ ድረስ የተደረገው ጦርነት፣ የጠረፍ ከተማ በምድር መንገድ ብቻ መታመን እንደማትችል አረጋገጠ። ከዚያም በኋላ የክልል ዋና ከተማ ሆነች፤ ይህም ተጓዥ ይጨምራል። ለጅጅጋ ሰው የሚጠቅመው በረራ ደግሞ የ120 ኪሎ ሜትሩ የድሬዳዋ ጉዞ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ነው። ቀደም ብዬ አንባቢው እንዲያስታውስ የለመንኩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በአጭር መንገድ አይሮፕላን ሰዓት አያተርፍም፤ በረጅም መንገድ ያተርፋል። ጭሮን ከአዲስ አበባ የሚለያት የመኪና መንገድ 326 ኪሎ ሜትር ሲሆን ቀጥታ ርቀቱ 228 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላን ቢኖር በረራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ በሆነ ነበር። ነገር ግን ወደ ማረፊያው መሄዱ፣ መፈተሹና መጠበቁ ሲደመር ሦስት ሰዓት ይሆናል። መኪናው ከዚህ እጥፍ ወይም ጥቂት በላይ ቢወስድ ነው። ለዚህ ትርፍ ተብሎ በተራራ መካከል ሜዳ መደልደል ለየትኛውም መንግሥት ሚዛን የሚደፋ ሆኖ አልታየውም። ይህን መቀበል ለከተማው ልጅ ይመራል፤ እኔም ከተቀባዮቹ አንዱ ነኝ።

በልጅነቴ ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከከተማው በስተ ሰሜን በኩል አይሮፕላን ሲያልፍ እናይ ነበር። ከላያችን የሚያልፍ ይመስለን ስለነበር እጃችንን እናውለበልባለን። በዚህ ጥናት ምክንያት ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ ማረፊያ ቀጥታ መስመር ሰምሬ ለካሁት። መስመሩ ከጭሮ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ከሚኤሶም አልፎ በቆላው ላይ ይሄዳል። እንግዲህ በአየርም ሆነ በሐዲድ መንገዱ ያው የቆላው መንገድ ነው። ያን ጊዜ የምናውለበልብለት ተሳፋሪ በመስኮት ቢመለከት የሚያየው ምናልባት የአሰቦትን ተራራ ነው እንጂ እኛን አይደለም።

የአይሮፕላን ማረፊያ አለመኖሩ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ችግር ነው ብዬ ግን አላምንም። ዋናው ችግር በምድር የተወሰደው ሰዓት ነው። ይህን ስል ስለ ባቡሩ መናገሬ ነው። አሮጌው ባቡር በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል መሥራቱን ካቆመ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ እስከ አዲሱ መሥመር መከፈት ድረስ፣ የአፍደም፣ የሙሉና የአሰቦት ሰው በአያቱ ዘመን የነበረውን ፍጥነት አጥቶ ቆይቷል። የጉዞ ሰዓት ሁልጊዜ እያጠረ ይሄዳል የሚለው እምነት በነዚህ ጣቢያዎች ላይ ትክክል አልሆነም። በ1909 የተገኘው በ2000 ጠፋ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሚኤሶ በዚህም ጊዜ ልዩ ቦታ አገኘች፤ ከሰበታ የመጣው የአንደኛው የቻይና ኩባንያ ሥራና ወደ ደወሌ የሚሄደው የሁለተኛው ኩባንያ ሥራ የተገናኙት እዚያ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ባቡር ዋና ሥራው የወደብ ዕቃ ማመላለስ ነው። እንደ አሮጌው በየትንንሹ ጣቢያ ቆሞ ዶሮና ሎሚ የያዙ እናቶችን አይጭንም።

ከጭሮ ባሻገር ያሉት ከተሞች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ገለምሶ ከጭሮ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። አይሮፕላን ይህን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። በምድር ግን መንገዱ በኩኒና በበዴሳ በኩል እየዞረ፣ እየወጣና እየወረደ ይሄዳል። ከገለምሶ አልፎ ወደ መቻራ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የክረምቱ ጭቃ ይጨመራል። ምጥ የያዛት ሴት ከዳሮ ለቡ ገጠር ተነሥታ ወደ ጭሮ ስትወሰድ የሚቆጠረው ሰዓት በየትኛውም የጊዜ ሠሌዳ ላይ አልተጻፈም። በዚህ ጽሑፍ የአይሮፕላኑን፣ የባቡሩንና የሲራራውን ሰዓት ለመቁጠር ቻልኩ፤ ሁሉም የሚቆጥርላቸው ድርጅት ወይም የሚጽፍላቸው መንገደኛ ነበራቸው። ይህን የመጨረሻውን ለመቁጠር ግን ከካርታና ከመጻሕፍት መነሣት አይቻልም። በሚቀጥለው የክረምት ዕረፍት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከመቻራ እስከ ጭሮ ያለውን መንገድ፣ የእግሩን ለብቻ፣ የመኪናውን ለብቻ፣ በሰዓት ይዘን ለመለካት አስበናል። ከክርክሩ ተሳታፊዎች መካከል «ሆን ተብሎ ተዘለለ» ያለው ጓደኛችን አብሮን ለመሄድ ፈቅዷል። «ቅርብ ናት» ያለው ግን እስካሁን መልስ አልሰጠንም።